ቁጥር የተነፈገው ክሌሜንቴ

ፖስታው የደረሰው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ልጄ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወርዶ ካርቶኑን በወጥ ቤት ቢላ ከፈተው። ከመክፈቱ በፊት እጁን ታጥቧል፤ ይህ ልጅ እራት ሲቀርብ ሦስት ጊዜ ካልተነገረው እጁን የማይታጠብ ልጅ ነው።

ከውስጥ ስድስት የፕላስቲክ መያዣዎች ወጡ። ጠንካራና ጥርት ያሉ ናቸው። በእያንዳንዳቸው ውስጥ አንድ የቤዝቦል ካርድ ታሽጓል፤ ከአናቱ ላይ የተጫዋቹ ስም፣ ካርዱ የታተመበት ዓመት፣ መለያ ቁጥርና የተሰጠው ደረጃ የሰፈረበት ጠባብ ወረቀት አለ። የመጀመሪያው 5 አግኝቷል። ቀጣዩ 4። ከዚያ 6፣ 3፣ እንደገና 5። ስድስተኛው፣ ሌሎቹን ሁሉ አጃቢ ያደረግንለት ካርድ፣ ቁጥር አልነበረውም። ቁጥር በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ሁለት ቃላት ብቻ ተጽፈዋል፤ ወደ እኛ ቋንቋ ስመልሳቸው «እውነተኛ ነው፣ ግን ተነካክቷል» እንደማለት ነው።

ልጄ አንድ ጊዜ ካርዱን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየ።

«አባ፣ ማን ነው የነካካው?»

እኔ አልነካሁትም። እሱም አልነካውም። ካርዶቹን ደረጃ እንዲያወጣላቸው የላክንለትን ድርጅት ስም አልጠራም፤ በኋላ እንዳየነው ድርጅቱም አልተሳሳተም።

ካርዶቹ መጀመሪያም የእኛ አልነበሩም። እዚህ ሜሪላንድ፣ ከእኛ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ጎረቤት አሉን። ባለቤቴ ለፋሲካም ለእንቁጣጣሽም ድፎ ዳቦ ትልክላቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ በክረምት ከሁላችን ቀድመው ተነሥተው የደጃችንን በረዶ ጠርገው ይጠብቁናል። ቤታችን ውስጥ የሚጠሩት «ጋሼ» ተብለው ነው። ትርጉሙን ነግረናቸው ወደውታል፤ አሁን ስልክ ሲደውሉ ራሳቸው «ጋሼ ነኝ» ይላሉ። ልጅነታቸውን ያሳለፉት ፔንሲልቬንያ ውስጥ፣ ከፒትስበርግ ብዙም በማይርቅ ትንሽ ከተማ ነው። በ2021 የጸደይ ወራት፣ ልጄ ትምህርቱን ከኮምፒውተር ፊት ሆኖ እየተከታተለ መላወሻ ያጣበት ጊዜ ላይ፣ አንድ የጫማ ካርቶን ይዘው መጥተው ደጃፋችን ላይ አስቀመጡለትና «እናቴ ያልጣለችው ይህን ብቻ ነው» ብለው ሄዱ። የዚያ ትውልድ አሜሪካዊ ሁሉ ካርዶቹን የጣለች እናት አለችው። ያረጁ ካርዶች ብርቅ የሆኑበትን ምክንያት ስትጠይቅ ከምታገኛቸው መልሶች ግማሹ እነዚያ እናቶች ናቸው።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ አላግጬበታለሁ። የተጫዋች ፎቶግራፍ የታተመበት ወረቀት ነው፤ ከማስቲካ ጋር ለልጆች ይሸጥ የነበረ። ልጄ ግን ካርዶቹን በዓመትና በቡድን እየለየ ደረደራቸው። ከሥር አንዱ ብቅ ሲል ጮኸ። የ1971 ሮቤርቶ ክሌሜንቴ ነበር።

ቤዝቦል ለማይከታተል አንባቢ፦ ክሌሜንቴ ከፖርቶ ሪኮ የመጣ፣ ከ1955 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ለፒትስበርግ ፓይሬትስ የተጫወተ ሰው ነው። በ1972 የውድድር ዘመን ማብቂያ 3,000ኛ ምቱን መታ። በዚያው ዓመት የመጨረሻ ቀን፣ በመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱ የኒካራጓ ሰዎች እርዳታ ይዞ ሲበር አውሮፕላኑ ባሕር ላይ ተከሰከሰ። 38 ዓመቱ ነበር። እኔን ወደዚህ ሰው የሳበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ቶፕስ የተባለው ካርድ አሳታሚ ኩባንያ ከ1957 እስከ 1969 ድረስ በካርዶቹ ላይ ስሙን «ቦብ ክሌሜንቴ» ብሎ አትሞታል። ሰውየው ሮቤርቶ መባልን እየመረጠ አሥራ ሦስት ዓመት ቦብ ሆኖ ታተመ። የሥራ ባልደረቦቼ የእኔን ስም ከሁለት ፊደል በላይ ይዘውልኝ አያውቁም፤ ስለዚህ ከጋሼ ካርቶን የወጣውን የ1969 «ቦብ» ከ1971ዱ «ሮቤርቶ» ጎን ሳስቀምጠው፣ ወረቀት ነው ያልሁትን ነገር ቁጭ ብዬ ማየት ጀመርሁ።

ልጄ ወዲያው «ደረጃ እናስወጣላቸው» አለ። አልቻልንም። በወረርሽኙ ጊዜ ቤቱ የተዘጋበት ሰው ሁሉ ጣሪያው ሥር ያለውን ካርቶን አውርዶ ወደ ደረጃ ሰጪዎች ስለ ላከ፣ ከእነሱ ዋነኛው የሆነው ፒ.ኤስ.ኤ. በማርች 2021 አብዛኛውን አገልግሎቱን ለጊዜው አቁሞ ነበር። በኋላ ሲከፈት ደግሞ ዋጋው ለእኛ የሚቀመስ አልነበረም። በዚህ ምክንያት ሁለት ዓመት ያህል ከምግብ ጠረጴዛችን ላይ፣ በአጉሊ መነጽርና በአንድ የጠረጴዛ መብራት፣ ደረጃ ማውጣትን ራሳችን ተለማመድን።

ለእኔ ነገሩ ሙሉ በሙሉ እንግዳ አልሆነብኝም። አባቴ ዕድሜውን በቡና ጥራት ምርመራ የጨረሰ ሰው ነበር። ልጅ ሆኜ አንድ ሁለት ጊዜ ሥራ ቦታው ወስዶኛል። ከጆንያው 300 ግራም ናሙና ተወስዶ ጠረጴዛ ላይ ይፈሳል፤ ከዚያ ጥቁሩ፣ የተሰባበረው፣ ነቀዝ የበላው፣ ያልበሰለው አንድ በአንድ እየተለቀመ ይቆጠራል። አባቴ «እንከን» ሲል ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቆጠራ ነው። የወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ አጉሊ መነጽሩን ዓይኔ ላይ አድርጌ የካርድ ጠርዝ ስመረምር፣ ጎንበስ ያልሁበት አኳኋን የአባቴ መሆኑን ያወቅሁት ባለቤቴ ፎቶ ስታነሣኝ ነው።

ካርድም እንደዚያ በእንከን ቆጠራ ይመዘናል። ፒ.ኤስ.ኤ. በ1991 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲቋቋም፣ እናት ድርጅቱ ከ1986 ጀምሮ ለሳንቲሞች ደረጃ ሲሰጥ የቆየ ነበር፤ ቋንቋውም ከሳንቲም ነው የመጣው። ከ1 እስከ 10 ባለው መለኪያ 9 የሚያገኘው ካርድ «ሚንት» ይባላል፤ ሳንቲም ከሚቀረጽበት ቤት አሁን እንደ ወጣ ማለት ነው። 10 ደግሞ «ጄም ሚንት»፣ ዕንቁ የሆነው። ከዚያ ወደ ታች ሲወረድ ስሞቹ ትንሽ ያታልላሉ። 3 ቁጥር «በጣም ጥሩ»፣ 2 ቁጥር ደግሞ «ጥሩ» ነው የሚባለው። የእኔ ልጅ ከትምህርት ቤት ከአሥር ሁለት አምጥቶ «ጥሩ ነው» ቢለኝ ምን እንደምለው አውቃለሁ።

ተቆጣጣሪው በመጀመሪያ ካርዱ እውነተኛ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ከዚያ ይለካዋል፤ ከዚያ ሰው ያሳመረው ነገር እንዳለ ይፈትሻል። ይህን ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው ወደ ቁጥሩ የሚመጣው፤ ያኔ የሚታዩት ማዕዘኖቹ፣ ጠርዞቹ፣ ገጹና የሥዕሉ አቀማመጥ ናቸው።

አቀማመጡ ላይ ብዙ ጊዜ አጠፋን፤ ምክንያቱም በማስመሪያ ሊለካ የሚችለው እሱ ብቻ ነው። በሥዕሉ ዙሪያ ያለው ጠርዝ በግራና በቀኝ፣ ከላይና ከታች እኩል ከሆነ 50 ለ50 ይባላል። 10 ለማግኘት ከፊት በኩል ከ55 ለ45 ያልራቀ መሆን አለበት፤ ለ9 እስከ 60 ለ40፣ ለ8 እስከ 65 ለ35፣ ለ7 እስከ 70 ለ30 ይፈቀዳል። ይህ የካርዱ ባለቤት ጥፋት አይደለም። ትልቁ ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ሲቆረጥ ቢላው ትንሽ ዞር ካለ፣ ካርዱ ገና ልጅ እጅ ሳይገባ ቁጥሩ ወርዷል ማለት ነው። ከማሸጊያው ሰም የቀረ እድፍ፣ ከማስቲካው የቀረ ቡናማ ምልክት፣ የቀለም ነጠብጣብ፣ እነዚህም ሁሉ በልደት የሚመጡ እንከኖች ናቸው።

ማዕዘኑ ግን የኑሮ ጉዳይ ነው። ካርድ በእጅ ሲያዝ፣ ኪስ ሲገባ፣ ከጓደኛ ካርድ ጋር ሲቀያየር መጀመሪያ የሚጎዳው ማዕዘኑ ነው። ስለቱ ይደክማል፤ ከዚያ የወረቀቱ ድርብርብ ይከፈታል፤ ከዚያ ይድበለበላል። ጋሼ ካርዶቻቸውን በጎማ ላስቲክ አስረው ስላስቀመጡ ከላይና ከታች የነበሩት ካርዶች ጎናቸው ላይ ትንሽ ጥርስ የመሰለ ስርጉድ አላቸው። «ቦብ ክሌሜንቴ» ከፊት ለፊት ሲታይ ንጹሕ ነው፤ መብራቱን ከጎን ስናበራበት ግን ከትከሻው እስከ ጠርዙ ድረስ የፀጉር ያህል የቀጠነች እጥፋት ታየች። አጉሊ መነጽር አላሳየንም፤ ያሳየን የብርሃኑ አቅጣጫ ነው። ለዚያች እጥፋት ነው 4 የተሰጠው። ልጄ በጣም አዘነ፤ እኔ ግን ፈራጁን አከበርሁት። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ እዚህ ልብ አልገባበትም።

አንድ ነገር ያሳቀኝ ነበር። በካናዳ ይታተሙ የነበሩት የኦ-ፒ-ቺ ካርዶች የሚቆረጡት በሽቦ ስለ ነበረ ጠርዛቸው እንደ ተቀደደ እንጀራ ሸካራ ነው። የ1979ኙ የዌይን ግሬትዝኪ የሆኪ ካርድ ከእነዚያ ወገን ነው። እንዲህ ዓይነት ካርድ ጠርዙ ለስልሶ ሲመጣ ባለሙያው ደስ አይለውም፤ ይጠረጥራል። ሸካራነቱ የልደት ወረቀቱ ነው።

ሰው ለምን ይህን ያህል ይደክማል ለሚል ሰው መልሱ ገንዘብ ነው። የ1952ቱ የቶፕስ ሚኪ ማንትል ታሪክ ይታወቃል። ቶፕስ ሳይሸጡ የቀሩትን የዚያን ዓመት ካርዶች መጋዘን ስላጣበቡበት በ1960 ጀልባ ላይ ጭኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ደፋቸው። በ1980ዎቹ ማሳቹሴትስ ውስጥ ከተገኘ እጅ ያልነካው ክምችት የወጣ አንድ ማንትል፣ ኤስ.ጂ.ሲ. ከተባለው ድርጅት 9.5 ተሰጥቶት በኦገስት 2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ማዕዘኑ የደከመ ያው ካርድ፣ ያው ሥዕል፣ ያው ዓመት፣ ከዚያ ዋጋ እጅግ ጥቂቱን ነው የሚያወጣው። ልጅ ያልተጫወተበት ካርድ ነው የከበረው የሚለውን ምጸት ብዙ ሰው ያነሣዋል፤ እውነት ነው፣ ግን ከዚያ በላይ የሚሄድ ነገር አላገኘሁበትም። ያልተቀደደ መጽሐፍም እንዲሁ ነው፤ ያልተሰበረ ስኒም እንዲሁ።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ቁጥሩ ምን ያህል የሰው ዓይን እንደሆነ ነው። ያንኑ ካርድ ሰዎች መያዣውን በመቆንጠጫ ሰብረው አውጥተው እንደገና ይልኩታል፤ ከ7 ወደ 8 ከፍ ይላል በሚል ተስፋ። አንዳንዴ ይሳካል። አንዳንዴ ደግሞ 6 ሆኖ ይመለሳል፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። በዚያ ላይ ክፍያው የሚተመነው በካርዱ ዋጋ ልክ ነው፤ ደረጃው ከፍ ብሎ ዋጋው ከገመትኸው በላይ ከሆነ ልዩነቱን ትከፍላለህ። ፈራጁ ከፍርዱ ውጤት ጋር ክፍያው የሚያድግበት ፍርድ ቤት በሌላ መስክ ቢኖር ዝም የሚል ሰው አይኖርም። አጭበርባሪነት አለ ማለቴ አይደለም። አባቴ ግን ቡናው ደረጃ አንድ ሲወጣ ደመወዙ አይጨመርለትም ነበር።

ቡናና ካርድ የሚለያዩበት ሌላም ቦታ አለ። ቡና በዓይን ብቻ አይፈረድም። አሁን በአገራችን ባለው አሠራር ከመቶው 40 የሚሰጠው ለሚታየው ነው፤ 60ው ለስኒው። ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ፈልቶ፣ በማንኪያ ተስቦ ይቀመሳል። ፍሬው መልከ ጥፉ ሆኖ ስኒው የሚያስደንቅ ቡና አለ፤ አባቴ እንዲህ ዓይነቱን ሲያገኝ ማታ እራት ላይ ያወራው ነበር። ካርድ ስኒ የለውም። ከመቶው መቶው ዓይን ነው።

ወደ 1971ዱ ካርድ ልመለስ። የዚያ ዓመት የቶፕስ ስብስብ 752 ካርዶች አሉት፤ ሁሉም ጥቁር ጠርዝ ያላቸው ናቸው። ለዓይን ያምራሉ፤ ለሰብሳቢ መከራ ናቸው። ነጭ ጠርዝ ላይ የማይታይ ጭረት ጥቁር ላይ እንደ ተፈጨ ጨው ይበተናል፤ ገና ከማሸጊያው ሲወጡ ጠርዛቸው የነጣ ብዙ ናቸው። የጋሼ ክሌሜንቴ ግን ማዕዘኖቹ ድቅድቅ ያለ ንጹሕ ጥቁር ነበሩ። ልጄ 7 ገመተ፤ እኔ 6 አልሁ። ማታ ማታ 7 ከሆነ ስንት እንደሚያወጣ ያሰላ ነበር፤ ላም አለኝ በሰማይ። ግማሹን ለጋሼ ሊሰጥ ወስኗል፤ ለቀረው ግማሽ ደግሞ ብስክሌት መርጧል።

እና ቁጥር ሳይኖረው መጣ።

በዚያ ቅዳሜ፣ መጋረጃውን ዘግተን፣ ልጄ በኢንተርኔት የገዛውን ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጥ የአልትራ ቫዮሌት መብራት አበራንበት። ይህ መብራት ለብዙ ነገር ይጠቅማል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወረቀት ውስጥ የሚያነጣ ኬሚካል መጨመር ስለ ተለመደ፣ የ1910 ነኝ የሚል ካርድ በዚህ ብርሃን ሥር ቦግ ብሎ ካበራ ውሸታም ነው። የእኛ ግን ዕድሜው አላጠራጠረም። ያየነው ሌላ ነው፤ በሦስቱ ማዕዘኖች ላይ ያለው ጥቁር ከቀሪው ጠርዝ ጥቁር ጋር አንድ አልነበረም። መብራቱን አጥፍተን በመስኮቱ ብርሃን ካርዱን ከነመያዣው አጋደልነው። የፋብሪካው ቀለም ዝም አለ፤ ማዕዘኖቹ ላይ ያለው ግን የዝንብ ክንፍ የሚመስል ወይን ጠጅ ብልጭታ ሰጠ። ከጎን በኩል በአጉሊ መነጽር ስናየው ቀለሙ ወደ ወረቀቱ ውፍረት ውስጥ ሰርጎ ገብቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ ማዕዘኑን ስናይ ከርመን፣ የማዕዘኑን ጎን አላየንም።

ማርከር ነው። አንድ ሰው የነጣውን ቦታ በጥቁር ማርከር ቀብቶታል።

ከዚህ በኋላ በቤታችን ውስጥ የተነሣው ክርክር ከካርዱ ይልቅ ልጄን አሳየኝ። ሕጉን አነበበ፤ ሕጉም እንዲህ ነው። አንድ ልጅ በእስክሪብቶ ካርዱ ፊት ላይ ስሙን ቢጽፍ፣ ወይም ተጫዋቹ ቡድን ሲቀይር የድሮውን ሰርዞ አዲሱን ቢጽፍ፣ ካርዱ ቁጥር ያገኛል፤ ከቁጥሩ ጎን «ተጽፎበታል» የሚል ምልክት ይደረግበታል፣ ወይም ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ነጣ ያለውን ማዕዘን ለማጥቆር አንዲት ነጠብጣብ ቢያስነካ ግን ቁጥር አያገኝም። ምክንያቱም የመጀመሪያው እንከን ነው፤ ሁለተኛው እንከንን መደበቅ ነው። ልጄ «ነገር ግን ሊያታልል ካልፈለገስ?» አለ። ወረቀት ሐሳብ አያሳይማ አልሁት። ፈራጁ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ካርዱ ብቻ ነው፤ ልጁ አብሮ አይላክም።

ያን ጊዜ ነው ሆነስ ዋግነር የተባለውን የጥንት ተጫዋች ካርድ ነገር የነገርሁት፤ አለመናገር ይሻል ነበር።

ዋግነርም የፒትስበርግ ሰው ነው፤ የእሱም የክሌሜንቴም ሐውልት ዛሬ በከተማው ስታዲየም ደጃፍ ቆሟል። ከ1909 እስከ 1911 ከሲጋራ ጋር ይወጣ በነበረው ቲ206 በተባለው ስብስብ ውስጥ የእሱ ካርድ ገና በጥቂቱ እንደ ታተመ ቆመ። ልጆች በእኔ ምክንያት ሲጋራ አይግዙ ብሎ ነው የሚሉ አሉ፤ ሳይከፍሉኝ ብሎ ነው የሚሉም አሉ። ከቀሩት ጥቂት ደርዘኖች ውስጥ በጣም ንጹሑን ዌይን ግሬትዝኪና ባልደረባው ብሩስ ማክናል በ1991 ሶዝቢስ ጨረታ ላይ በ451,000 ዶላር ገዙት። ፒ.ኤስ.ኤ. ደረጃ የሰጠው የመጀመሪያው ካርድ ይኸው ነው፤ መለያ ቁጥሩ 1፣ ደረጃው 8። በ2007 የአሪዞና ዳይመንድባክስ ባለቤት ኬን ኬንድሪክ 2.8 ሚሊዮን ዶላር ከፈለበት። በ2013 ካርዱን ቀደም ሲል ይዞት የነበረው የጨረታ ነጋዴ ቢል ማስትሮ በሌላ የማጭበርበር ክስ ጥፋቱን ሲያምን፣ የዚያን ካርድ ጠርዝ መከርከሙንም አመነ። በ2015 የ20 ወር እስራት ተፈረደበት። የተከረከመ ካርድ በሕጉ መሠረት ቁጥር አይገባውም። ካርዱ ግን ከዚያም በኋላ የሚታወቀው በዚያው 8 ነው።

ልጄ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ስለዚህ የእኛን የያዙት የእኛ ርካሽ ስለሆነ ነው» አለ። አይደለም አልሁት። የ1991 ዓይንና የዛሬ ዓይን አንድ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ ሙያው ገና ዳዴ እያለ ነበር፤ ምርመራው ተሻሽሏል። ያልሁት ሁሉ እውነት ነው። ስናገረው ግን ለአለቃዬ ምክንያት የምደረድር መሰለኝ።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ስድስቱንም ይዘን ወደ ጋሼ ቤት ሄድን። ከአምስቱ ቁጥሮች አንዱም አላስደነቃቸውም። 3 የተሰጠውን አይተው «ይህን በብስክሌቴ ጎማ ሽቦ ላይ ሰክቼው ነበር፤ ሲሽከረከር እንደ ሞተር ይጮሃል። ሦስት ብዙ ነው» አሉ። ክሌሜንቴን ልጄ ወደ ኋላ አስቀርቶት ነበር። እንዴት እንደሚነግራቸው ሌሊቱን ሲለማመድ አድሯል። በመጨረሻ «ይቅርታ፣ ይህ ተነካክቷል ይላሉ» ብሎ ሰጣቸው።

ጋሼ መያዣውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው የጽሑፉን ወረቀት አነበቡ። ከዚያ መሣቅ ጀመሩ፤ ሣቁ ወደ ሳል እስኪለወጥ ድረስ።

«እኔ ነኝ!» አሉ። «አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። እናቴ ልብሳችን ላይ ስማችንን የምትጽፍበት ማርከር ነበራት። ኪሴ ውስጥ ከርሞ ማዕዘኑ ነጣብኝ፤ ሮቤርቶ እንደዚያ ሆኖ እንዴት ይኖራል? እስትንፋሴን ይዤ ነው የቀባሁት።» አራተኛው ማዕዘን ለምን እንደ ቀረ ልጄ ጠየቃቸው። እናቴ መጣች አሉ።

ከዚያ ስለ 1972ቱ የመጨረሻ ሌሊት ነገሩን። በማግስቱ፣ የአዲስ ዓመት ዕለት፣ አባታቸው ሬዲዮውን አጥፍተው ወደ ጓዳ እንደገቡ፤ እሳቸው ካርዱን ከካርቶኑ አውጥተው ትራሳቸው ሥር እንዳደረጉት። ስንት ቀን እንዳደረ አያስታውሱም። ካርዱ ለምን ትንሽ እንደ ጎበጠ የገባኝ ያኔ ነው፤ እኛ የእርጥበት ነው ብለን ነበር።

ልጄ አየኝ። አንገቴን ነቀነቅሁለት። ጋሼ ከጓሮ መሣሪያ ቤታቸው መቆንጠጫ አመጡ፤ ልጄ ብዙ ቪዲዮ አይቶ ስለ ነበር ከየትኛው ማዕዘን እንደሚጀመር ያውቃል። ፕላስቲኩ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ ሦስተኛው ላይ ለሁለት ተከፈለ። ልጄ ካርዱን በጠርዙ ብቻ፣ በሁለት ጣት፣ ሰብሳቢዎች እንደሚይዙት አድርጎ አወጣና አቀበላቸው።

ጋሼ ሙሉ መዳፋቸውን ዘርግተው ተቀበሉት። አገላበጡት፤ ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አዩ፤ አሸተቱት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን በቀኝ በኩል ያለው የላይኛው ማዕዘን ላይ፣ ማርከሩ ላይ፣ ጫን አድርገው ማሸት ጀመሩ። ልጄ አፉን ሊከፍት ሲል በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥሁት።